ልዩ ኃይል ስላገኙ ታዳጊዎች በስልክ የሚሠራ ፊልም፦ ለሐዋሳ ጀማሪዎች ዝርዝር መመሪያ

ታሪኩ ቀላል ይመስላል። ሦስት ታዳጊዎች ታቦር ተራራ ላይ አንድ ነገር ያገኛሉ፣ ዕቃ ሳይነኩ ማንቀሳቀስ ይጀምራሉ፣ አንዱ ሁሉንም ነገር ይቀርጻል፣ በመጨረሻም ቪዲዮው ብቻ ይገኛል። ውድ ካሜራም ሆነ ስቱዲዮ ስለማይጠይቅ ብዙ ቡድኖች ይህን ዓይነት ፊልም ይጀምሩታል፤ ብዙዎቹም መንገድ ላይ ይተዉታል ወይም ጨርሰው ማንም አያምናቸውም።

የሚወድቁት ዕቃ ማስነሳት አቅቷቸው አይደለም። ተመልካቹ ‹‹አሁን ይህን የሚቀርጸው ማነው?›› ሲል መልስ ስለማያገኝ ነው። ካሜራውን ያላመነ ሰው ኃይሉንም አያምንም። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ሥሩ፤ በተለይ የመጀመሪያውን አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ካሜራው የማን እንደሆነ ወስኑ

ስክሪፕት ከመጻፋችሁ በፊት ለሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ስጡ። ካሜራው የማን ነው? ባለቤቱ ለምን ይቀርጻል? ነገሩ ሲያስፈራ ለምን ጥሎት አይሮጥም?

‹‹መቅረጽ ስለሚወድ›› የሚለው መልስ አይበቃም። ጓደኛው ደም ሲፈሰው ሰው ስልኩን ጥሎ ይሮጣል። ጠንካራ ምክንያት ፈልጉ። ለምሳሌ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ረዳት የሆነ ልጅ በአደራ የያዘው ካሜራ ላይ ጭረት ቢገኝ ከደመወዙ የሚቆረጥበት ከሆነ፣ ቢሸበርም ካሜራውን ከእጁ አይለቅም። ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን ማስረጃ ነው፤ ልጅቷ ያየችውን ለቤተሰቧ ተናግራ ማንም አላመናትም፣ ከዚያ በኋላ ካሜራውን የማታጠፋው ለዚህ ነው። ይህ ምክንያት ታሪኩ በከፋ ቁጥር እየበረታ ይሄዳል።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ትዕይንት ሦስት ነገር ጻፉ፦ ካሜራው በማን እጅ ነው ወይም የት ተቀምጧል፣ ለምን በርቷል፣ የሚቀረጹት ሰዎች መቀረጻቸውን ያውቃሉ ወይስ አያውቁም። መልሱ ባዶ የሆነ ትዕይንት ካጋጠማችሁ ካሜራውን ለሌላ ገጸ ባሕርይ ስጡ ወይም የሱቅ የደህንነት ካሜራ ያየው አድርጋችሁ ቅረጹት። ሁለቱም ካልሆኑ ትዕይንቱን ሰርዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ አንዴ የአንዱን፣ አንዴ የሌላውን ፊት እየቆረጡ ማሳየት እዚህ አይሠራም። ካሜራው አንድ ነው። ይዙር፣ ይዘግይ፣ አንዳንዴም የተናጋሪው ፊት ያምልጠው። የጀርባ ሙዚቃም አይኑር፤ ሙዚቃ ካስፈለጋችሁ ከባጃጅ ወይም ከጎረቤት ቴፕ ይሰማ።

ደረጃ 2፦ ኃይሉን ከትንሽ ጀምሩ

ለ15 ደቂቃ ፊልም ከስድስት እስከ ስምንት የኃይል ቅጽበቶች ይበቃሉ። በክብደት ደርድሯቸው፦ የለስላሳ ቆርኪ፣ ኳስ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ሰው፣ ባጃጅ። ጀማሪ ቡድኖች ድካማቸውን ሁሉ በባጃጁ ላይ ያውሉታል። ተቃራኒውን አድርጉ። ተመልካቹ ቆርኪው ላይ ካመነ ባጃጁንም ያምናል፤ ቆርኪው ላይ ከሳቀ ግን ባጃጁን ሳያይ ይዘጋዋል።

ኃይሉ አንድ ሕግ ይኑረው። እኔ የምመክረው ይህ ነው፦ ኃይሉ ሲነሳ የካሜራው ምስል ለአፍታ ይናወጥ፣ ድምፁም ይቆራረጥ። ሕጉ ለታሪኩ ምልክት ይሆናል፤ ለእናንተ ደግሞ አንዱን ቅጂ (ሳይቋረጥ የተቀረጸውን ቁራጭ) ከሌላው የምትቀጥሉበትን ቦታ ይደብቅላችኋል።

ስለ ኃይሉ ምንጭ ብዙ አትድከሙ። ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆ፣ በጥንት እሳተ ገሞራ በተፈጠረ ሰፊ ጎድጓዳ ስፍራ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ ከሐይቁ በስተሰሜን የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ አለ፣ ወንዶ ገነት ደግሞ ፍል ውኃ ይፈልቃል። ‹‹ከመሬት ሥር የወጣ ነገር›› የሚል ሐሳብ እዚህ አካባቢ ማብራሪያ አይፈልግም። ነገሩን ሙሉ በሙሉ አታሳዩት። ጥቂት እንፋሎት፣ በሰማያዊ ፕላስቲክ የተሸፈነ የእጅ ባትሪና የልጆቹ ፊት ይበቃል።

ደረጃ 3፦ ፈቃድና ደህንነት

ከቀረጻው ቀን አስቀድማችሁ ስለ ፊልሙ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ጽሑፍ ይዛችሁ ወደ ቀበሌውና ወደ ከተማው የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ሂዱ፤ የትብብር ደብዳቤ ጠይቁ። ደብዳቤውን አባዝታችሁ በየቦታው ያዙ። ተዋንያኑ ከ18 ዓመት በታች ከሆኑ የወላጅ የጽሑፍ ስምምነት የግድ ነው። ባንክ፣ ፖሊስ ጣቢያና ጥበቃ ያለበት በር ወደ ካሜራችሁ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሱ፤ ለዚህ ታሪክም አያስፈልግም።

የጩኸት ትዕይንት ካላችሁ ለጎረቤት ቀድማችሁ ንገሩ። ‹‹ድረሱልኝ!›› የሚል ድምፅ ሲሰማ ሰፈሩ ሁሉ ዱላ ይዞ ይደርሳል፤ በዚህ ልንኮራ እንጂ ልንቀልድበት አይገባም። አንድ ሰው የግቢው በር ላይ ቆሞ ለሚመጣው ያስረዳ።

እነዚህን በጭራሽ አታድርጉ፦ ጣሪያ ወይም ገደል ጫፍ ላይ ተዋናይ አታቁሙ፤ እውነተኛ ድንጋይ ወደ ሰው አትወርውሩ፤ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ላይ አትቅረጹ፤ ሐይቁ ውስጥ ተዋናይ አታስገቡ። ሐይቁ ጉማሬ አለው፣ የቢልሃርዚያ በሽታም ይገኝበታል። ጀልባ ላይ የሚቀረጽ ነገር ካለ የሕይወት ጃኬት ያለው ጀልባ ተከራዩ፤ ካሜራ የሚይዘውም ሰው ጃኬቱን ይልበስ።

ደረጃ 4፦ ስልኩን አዘጋጁ

በሁሉም የቀረጻ ቀናት አንድ ስልክና አንድ ቅንብር ተጠቀሙ።

1. የምስሉን መጠን 4ኬ (3840 በ2160) አድርጉ። ፊልሙን በ1920 በ1080 ስለምታወጡት በቅንብር (ኤዲቲንግ) ጊዜ እስከ እጥፍ ድረስ ማስጠጋትና ማናወጥ ትችላላችሁ። 4ኬ በደቂቃ እስከ 350 ሜጋባይት ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ 64 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ለሦስት ሰዓት ያህል ይበቃችኋል ብላችሁ አስሉ።
2. ፍጥነቱን በሴኮንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ የሻተሩን ፍጥነት፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ሴኮንድ አድርጉ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ በዚህ ቅንብር የቤት አምፖል ምስሉ ላይ አይርገበገብም። ስልኩ 30 ፍሬም ብቻ ካለው ሻተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ አቁሙት። የስልኩ የራሱ ካሜራ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ እንደ ኦፕን ካሜራ ያለ ነፃ መተግበሪያ ጫኑ።
3. የኃይል ትዕይንት ስትቀርጹ ፎከስን፣ የብርሃን መጠንንና የቀለም ሚዛንን (ኋይት ባላንስ) ቆልፉ። የምስል ማረጋጊያውንም አጥፉ፤ ስልኩ ባይንቀሳቀስ እንኳ ማረጋጊያው ምስሉን በጥቂቱ ሊያንሸራትተው ይችላል፤ ያ ደግሞ ደረጃ 6ን ያበላሻል።
4. ስልኩን ከኔትወርክ አውጡት። በምርጡ ቅጂ መሐል ጥሪ ሲገባ ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል።

መብራት ሊጠፋ እንደሚችል አስቡና ፓወር ባንክ ያዙ። በጄኔሬተር የምትቀርጹ ከሆነ አምፖሉ ሊርገበገብ ስለሚችል መጀመሪያ አጭር ሙከራ ቅረጹ፤ ከረገበገበ በባትሪ የሚሠራ መብራት ተጠቀሙ።

ደረጃ 5፦ ቦታውን ከፀሐይ ጋር አስተካክሉ

ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ጠዋት ወደ ሐይቁ ስትዞሩ ፀሐይ ከኋላችሁ ትሆናለች፣ ፊት ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ያው ቦታ ፀሐይን ፊት ለፊት ያመጣል፤ ሰዉ ጥላ ብቻ ይሆናል። የንግግር ትዕይንቶችን ጠዋት፣ መለያየትን የሚያሳዩትን ወደ ማታ መድቡ። ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳር ነፋስ ሲነሳ የስልክ ማይክሮፎን ከመንፋት በቀር ሌላ ድምፅ አይዝም።

አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ለዚህ ታሪክ ሀብት ነው። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ በባሕርዩ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ይቆማል። ልጁ እጁን ዘርግቶ ‹‹ያዝኩት›› ሲል፣ ጓደኛው ‹‹እንዲሁም እኮ አይንቀሳቀስም!›› ሲለው፣ እጁን ሲያወርድ ደግሞ ወፉ ክንፉን ሲዘረጋ አስቡት። ምንም ዓይነት ኮምፒውተር ሳይነካው ተመልካቹ ይጠራጠራል። ዘዴው ትዕግሥት ብቻ ነው፦ ካሜራውን ሳታጠፉ ወፉን ጠብቁ፣ ክንፉን መዘርጋት ሲጀምር ተዋናዩ እጁን ያውርድ። ወፉን አትንኩ፣ ለማስነሳትም ምንም ነገር አትወርውሩበት። ዓሣ አጥማጆቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ አስፈቅዱ፣ መተላለፊያቸውን አትዝጉ፣ ጨርሳችሁም ዓሣ ግዙላቸው።

ታቦር ላይ ስትቀርጹ በቡድን ውጡ፣ ጨለማ ሳይዛችሁም ውረዱ። የሌሊት ትዕይንት ካላችሁ በግቢ ውስጥ ቅረጹት፤ በእጅ ባትሪ ብርሃን ግቢውና ተራራው ልዩነት የላቸውም።

ደረጃ 6፦ የኃይል ዘዴዎች

አራት ዘዴ ይበቃችኋል። እያንዳንዱን ከቀረጻው ቀን በፊት ቤት ውስጥ ተለማመዱ።

*ሀ. ክር፦ ለቆርኪና ለብርጭቆ*

ከዓሣ ማጥመጃ ናይለን ቀጭኑን ምረጡ። ክሩን ቆርኪው ውስጥ በማስቲካ ወይም በሙጫ አጣብቁ፤ ከካሜራው እይታ በላይ የቆመ ጓደኛ በዱላ ጫፍ አስሮ ይያዘው። ክር የሚያጋልጠው ብርሃን ነው። መስኮት ወይም አምፖል ከክሩ በስተኋላ ወይም በጎን ከሆነ ያብረቀርቃል፤ ብርሃኑ ከካሜራው በኩል ይምጣ። ከኋላው ለስላሳ ነጭ ግድግዳ ሳይሆን መጋረጃ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ ወይም ቅጠል ይኑር።

ቆርኪው ተንሸራቶ ቀጥ ብሎ ከተነሳ የተጎተተ ይመስላል። መጀመሪያ ይንቀጥቀጥ፣ አንድ ጠርዙ ይነሳ፣ ይውደቅ። በሁለተኛው ሙከራ ይነሳ። ክሩ ከታየ ያንን ቅጂ በቅንብር ለማዳን ሌሊት ከማደር ክሩን በጥቁር ማርከር አደብዝዛችሁ እንደገና ቅረጹ።

*ለ. የኋላ ጉዞ፦ ወደ እጅ ለሚበር ዕቃ*

ኳሱ ከመሬት ተነስቶ እጅ ውስጥ እንዲገባ ተዋናዩ ኳሱን ይዞ ይጀምር፣ ይወርውረው፣ ከዚያ ፊልሙን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አጫውቱ። ቀላል ነው፤ የሚያጋልጠው ኳሱ ሳይሆን አካባቢው ነው። በስተኋላ የሚያልፍ ሰው፣ ባጃጅ፣ ወፍ ሁሉ ወደ ኋላ ይሄዳል። የሐይቁ ሞገድ ከዳርቻው እየሸሸ ይሄዳል። ቡና የሚፈላበት ቤት ከሆነ ጭሱ ከላይ ወርዶ ዕጣን ማጨሻው ውስጥ ሲገባ ይታያል። ስለዚህ ግድግዳ ወይም አጥር ብቻ የሚታይበት ማዕዘን ምረጡ።

ተዋናዩ በዚህ ቅጂ አይናገር። ፊቱንም በተቃራኒው ይጫወተዋል፦ በመገረም ጀምሮ በማተኮር ይጨርሳል። ይህ ካስቸገረው ፊቱን ትታችሁ እጁን ብቻ ቅረጹ።

*ሐ. ባዶ ምስል፦ ሰው ከመሬት ሲነሳ*

ሰዎች ደጋግመው የሚሳሳቱበት ይህ ነው፤ በዝግታ ሥሩት።

1. ካሜራው በታሪኩ ምክንያት መቀመጥ አለበት፦ መስኮት ላይ፣ ወንበር ላይ፣ ከጡብ ጋር ተደግፎ። ከዚያ በቴፕ ወይም በሊጥ አጣብቁት። ከዚህ በኋላ ማንም አይንካው። ቀረጻውን ለመጀመርና ለማቆም የጆሮ ማዳመጫውን ቁልፍ ወይም የድምፅ ትእዛዝ ተጠቀሙ፤ ከሌላችሁ ሁሉንም በአንድ ያልተቋረጠ ቅጂ ቅረጹ።
2. ጥላ ያለበት ቦታ ወይም ደመናማ ሰዓት ምረጡ። በፀሐይ ከቀረጻችሁ የበርጩማው ጥላ መሬት ላይ ይቀራል፤ እርሱን ስታጠፉ የተዋናዩም ጥላ አብሮ ይጠፋል።
3. ተዋናዩን ጠባብ በርጩማ ላይ አቁሙ። ሁለት እግሩ ጠፍጣፋ ከረገጠ የቆመ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። በአንድ እግሩ ጣት ይቁም፣ ሌላው እግሩ ይንጠልጠል፣ ትከሻው ይላላ። አንድ ሰው ከእይታ ውጭ ሆኖ ለመደገፍ ይዘጋጅ። ጋቢ ወይም ረጅም ልብስ በርጩማው ላይ እንዳይተኛ ተጠንቀቁ፤ ልብሱ የተጫነበት ቀጥ ያለ መስመር ይታያል።
4. ትወናው እንዳለቀ ተዋናዩም በርጩማውም ይውጡ፤ ባዶውን ቦታ ቢያንስ 20 ሴኮንድ ቅረጹ። በሁለቱ መካከል ከጥቂት ደቂቃ በላይ አትቆዩ፤ ደመና ሲመጣና ሲሄድ የመሬቱ ቀለም ይለወጣል።
5. በዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ቅጂ ወይም በሌላ የምታውቁት የቅንብር መተግበሪያ ባዶውን ከታች፣ ተዋናዩን ከላይ አስቀምጡ። በርጩማው ዙሪያ ማስክ (የሚወጣውን ክፍል የሚከብ መስመር) ሥሩና ያንን ክፍል አውጡት። የማስኩን ጠርዝ አለስልሱ፤ ጫማው አጠገብ ግን ጠርዙ ጥብቅ ይሁን።
6. አሁን ብቻ ምስሉን በትንሹ አናውጡት። ካሜራው ወንበር ላይ ስለሆነ እንደ እጅ አይወዛወዝም፤ ኃይሉ ሲነሳ አንዴ ደንገጥ ይበል፣ ከዚያ ይርጋ።

ማስኩ ያለበት ቦታ በቀለም ከተለየ የቀለም ሚዛኑ አልተቆለፈም ማለት ነው፤ የታችኛውን ምስል ብሩህነት እስኪመሳሰል አስተካክሉ። ካሜራው በጥቂቱ ከተንቀሳቀሰ ባዶውን ምስል በፒክሰል እየገፋችሁ ከአንድ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ ከበሩ ጠርዝ ጋር አገጣጥሙት። ዛፍ በነፋስ እየተወዛወዘ ከማስኩ ጋር ከተነካካ መፍትሔ የለውም፤ ሌላ ማዕዘን ፈልጉ።

*መ. ፈጣን ዞር፦ ለመጥፋትና ለትልልቅ ነገሮች*

ካሜራው በድንጋጤ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ምስሉ በደበዘዘበት ቅጽበት ቅጂው ይቋረጣል፤ ሁለተኛው ቅጂ በተመሳሳይ አቅጣጫና ፍጥነት ዞሮ ይጀምራል። በመሐል ጓደኛው ጠፍቷል ወይም የፕላስቲክ ወንበሩ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። መገጣጠሚያው ከታየ ፍጥነቱ ቀንሷል ማለት ነው፤ ሁለቱንም ይበልጥ ፈጥናችሁ ድገሙ።

ባጃጁን በሜዳማ ግቢ ውስጥ አንቀሳቅሱት። ሞተሩ ይጥፋ፣ ማርሹ ነፃ ይሁን፣ ባለቤቱ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ፍሬኑን ይያዝ፣ ሁለት ጓደኞች ከኋላ ተደብቀው ይግፉት። ተዋናዩ ከባጃጁ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን ይቁም። ካሜራው ፊት ለፊት ሆኖ ዝቅ ካለ የሚገፉት ሰዎች አይታዩም። ቁልቁለት ላይ አትሞክሩት።

ደረጃ 7፦ ድምፅ

ያላችሁን ትንሽ ገንዘብ ከካሜራ በፊት እዚህ አውሉት። ባለገመድ ትንሽ ማይክሮፎን በሁለተኛ ስልክ ላይ ሰክታችሁ በተዋናዩ ኪስ አስገቡ። በእያንዳንዱ ቅጂ መጀመሪያ ካሜራው ፊት አንዴ አጨብጭቡ፤ በቅንብር ጊዜ ሁለቱን ድምፆች የምታገጣጥሙት በዚያ ጭብጨባ ነው። በየቦታው ማንም ሳይናገር 30 ሴኮንድ ባዶ ድምፅ (የቦታውን የራሱን ድምፅ) ቅረጹ። በቅጂ መሐል ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ድምፅ ማጉያ ከተሰማ ጠብቁ፤ በኋላ አይወጣም።

ንግግሩን ቃል በቃል አታስጠኑ። ለተዋንያኑ የትዕይንቱን ዓላማና መድረሻውን ብቻ ንገሯቸው፤ እርስ በርስ ሲቋረጡ፣ ከአማርኛ ወደ ሲዳምኛ ሲሻገሩ ተዉአቸው። ከተማው የሚናገረው እንደዚያ ነው።

ደረጃ 8፦ ቅንብር

የየቀኑን ቅጂ በዚያው ማታ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ሁለቱ ሳይረጋገጡ ስልኩን አታጽዱ።

ስልኮች የፍሬም ፍጥነታቸውን በቀረጻ መሐል ስለሚለዋውጡ ረጅም ቅጂ ላይ ድምፁ ከከንፈር እየራቀ ይሄዳል። ቅንብር ከመጀመራችሁ በፊት ሁሉንም ቅጂ ሃንድብሬክ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ወደ ቋሚ 25 ፍሬም ለውጡ፤ በ30 የቀረጻችሁ ከሆነ ወደ ቋሚ 30። ኮምፒውተራችሁ ደካማ ከሆነ ኤች.264 የሚባለውን የቪዲዮ ዓይነት ምረጡ። ይህን ረስታችሁ ከጀመራችሁ ከመሐል አትለውጡ፤ የራቀውን ቅጂ ብቻ ቆርጣችሁ በየንግግሩ መነሻ አስተካክሉ።

ቁርጦቹ ካሜራው የጠፋባቸው ቦታዎች ይምሰሉ፦ በአረፍተ ነገር መሐል፣ እጅ ወደ ካሜራው ሌንስ ሲመጣ። ቀለም አታሳምሩ። ትንሽ የሚንቀጠቀጥና የሚደበዝዝ ምስል ይበቃል፤ ከመጠን ያለፈ መንቀጥቀጥ ተመልካቹን ያዞረዋል፣ ዘዴያችሁንም ያስጠረጥራል።

ለኃይሉ ድምፅ የሚሆን የማቀዝቀዣና የጀልባ ሞተር ድምፅ ቅረጹና አዘግይታችሁ አደራርቧቸው። ከዚያ ያለቀውን ፊልም በተራ ስልክ፣ ያለ ማዳመጫ አጫውቱት፤ አብዛኛው ተመልካች የሚያየው በዚያ ነው። ወፍራም ድምፅ በስልክ ድምፅ ማጉያ አይሰማም፤ የኃይሉ ድምፅ ከጠፋባችሁ አብሮ የሚሄድ ቀጭን ድምፅ፣ ለምሳሌ የብርጭቆ ጠርዝ በእርጥብ ጣት ሲታሽ የሚወጣውን፣ ጨምሩበትና እንደገና አውጡት።